ምስል ለማሳመር ለምትጓጉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ፣ ለሙከራ ተብሎ የሚነሳ ፎቶ ሁሉ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነበር። እናንተ ግን በአንድ የጥምቀት ጠዋት ሺህ ጊዜ ብታነሱ የምትከስሩት ነገር የለም። ስለዚህ ሞክሩ ብዬ አልመክራችሁም፤ ባልነግራችሁም ትሞክራላችሁ። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር፣ በምስል ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ኢፌክት (የምስሉን መልክ የሚለውጥ ዘዴ) ከምስሉ የሚወስደው ነገር ስላለ፣ ምን እንደወሰደ ሳታውቁ እንዳታልፉት ነው።

ይህን የተማርኩት በኀፍረት ነው። ዲጂታል ካሜራ ገና በገዛሁበት ሰሞን የአንድ ሠርግ የቤተሰብ ፎቶ ሳሳምር፣ ቆዳ የሚያለሰልሰውንና ፊት የሚያፈካውን ማስተካከያ በሁሉም ሰው ላይ አንድ ላይ ለቀቅሁት። ፎቶው ታትሞ ሲሰጣቸው የሙሽራዋ አያት መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና «ኧረ ልጄ፣ አንገቴን ማን አጠበው?» አሉኝ። በልጅነታቸው በመርፌ የተነቀሱት፣ አንገታቸውን እንደ ድሪ የከበበው ንቅሳት ፈጽሞ የለም። ፕሮግራሙ ንቅሳትን ከማዲያት አይለይም፤ መለየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ የተሠራበትን ምስል በዋናው ፋይል ላይ ደርቤ አስቀምጬው ስለነበር የምመለስበት አልነበረም። እቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬ በነጻ ደግሜ አነሳኋቸው። ሙሽራዋ ግን በዚያ ፎቶ ውስጥ የለችም።

ከዚያ ወዲህ በዋናው ፋይል ላይ ሠርቼ አላውቅም። ፎቶሾፕ የሚባለው የምስል ማሳመሪያ ፕሮግራም በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ሌየር የሚባለውን አሠራር ካስገባ ጀምሮ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ከምስሉ በላይ እንደ ስስ ወረቀት ደርቦ መሥራት፣ ሲያስፈልግም መግፈፍ ይቻላል። ካሜራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ብርሃን ብዙ ሳይሠራበት በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት አንሱ። የተለመደው የተጨመቀ የምስል ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል። ልዩነቱ ለእኛ አገር ሰው የሚታየው በነጠላ ላይ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር፣ ነጭ የለበሰ ሰው ምስሉን ሲሞላው ልብሱን አመዳም፣ ፊቱንም ከሰል ያደርገዋል። እናንተ ደግሞ ፊቱን ለማፍካት ስትሉ ብርሃኑን ያለ ልክ ከጨመራችሁ የሸማው ክር ይጠፋል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለን ክር የሚመልስ ፕሮግራም የለም።

በካሜራው ውስጥ የሚሠራ ኢፌክት ከሁሉም ይልቅ ደስ ይለኛል። እስክስታ የሚወርድን ሰው የካሜራው መዝጊያ (ብርሃን የሚያስገባው በር) ለ1/15 ሰከንድ ተከፍቶ አንሱት፤ ፊቱን ረጋ ካደረገ ዓይኑ ጥርት ብሎ ይቀርና ትከሻው ብቻ እንደ ጢስ ይተናል። በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ የሚረጨውን ውኃ በ1/1000 ብታነሱት እያንዳንዱ ጠብታ አየር ላይ ቆሞ ይታያል፤ በ1/8 ብታነሱት ደግሞ ውኃው እንደ ሐር ይፈስሳል፣ በዚያው ልክ ግን የሰዉ ፊት ይሟሟል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ልታሳዩ የፈለጋችሁት ነገር ነው።

ድርብ ምስልም አለ። በፊልም ዘመን ፊልሙን ሳናሳልፍ መዝጊያውን ሁለት ጊዜ እንጫን ነበር፤ ሁለቱ ተደምረው እንዳይቃጠሉ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ብርሃን በግማሽ እንቀንሳለን። ዛሬ ሁለት ሌየር ደርባችሁ የላይኛውን «ስክሪን» በሚባለው አሠራር ታደርጉታላችሁ። በዚህ አሠራር ጥቁሩ ቦታ ሌላውን ምስል ያሳልፋል፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መስቀል የያዘ ዲያቆን ከነጭ ሰማይ ፊት ለፊት ጥላ ብቻ ሆኖ እንዲታይ አንሱትና በመዋኛው ግንብ ላይ የተጠመጠሙትን የዛፍ ሥሮች ደርቡበት፤ ሥሮቹ በዲያቆኑ ገላ ውስጥ ብቻ ይበቅላሉ። አሳስታችሁ በተቃራኒው የሚሠራውን «መልቲፕላይ» ብታደርጉት ግን ዲያቆኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀርና ሥሮቹ ሰማዩን ይሞሉታል፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የማልወደውን ልደብቃችሁ አልችልም። በፋሲል ግቢ ላይ ሌላ ሰማይ የሚገጥሙ ልጆች ፎቶ ያሳዩኛል። ሰማዩ የጀምበር ጥልቀት ቀይ ሲሆን፣ ከመስኮቱ ቅስት ሥር ያለው ጥላ ግን አጭርና ቁልቁል የወደቀ፣ የቀኑ 6 ሰዓት ጥላ ነው። ግድግዳው የሚናገረውን ሰዓት ሰማዩ ይክደዋል። ከ11 ሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ብትጠብቁ ኖሮ ድንጋዩ ራሱ ይቀላ ነበር፤ የመግቢያ ክፍያውም ያው ነው።

የሠራችሁትን ልታሳዩኝ ከፈለጋችሁ ፎቶ ቤቷ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የላትም። ስትመጡ ግን የተሠራበትን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ይዛችሁ ኑ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እናያለን።