ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ? አጋዥ መሣሪያ ለመሥራት ለተነሣችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ለአካል ጉዳተኞች መሣሪያ ሠርታችሁ ድርጅት ለማቋቋም ስታስቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ድፍረት ነው። የያዝኩትን ሥራ ልልቀቅ? ያጠራቀምኩትን ሁሉ ላፍስስበት? እኔም መልሼ እጠይቃችኋለሁ፦ ነገሩ ባይሳካ የሚጎዳው ማን ነው? በሌላው ንግድ ድርጅት ሲዘጋ ባለቤቱና አበዳሪዎቹ ይከስራሉ፣ ደንበኛው ሌላ ሻጭ ይፈልጋል። በእኛ ሙያ ግን ደንበኛው የሠራንለትን ነገር እግሩ፣ ጆሮው ወይም ዓይኑ አድርጎታል።

ሰከንድ ሳይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የደረሰበትን አስቡ። አርገስ 2 የሚባል፣ ዓይን ውስጥ የሚተከልና ብርሃናቸውን ላጡ ሰዎች የብርሃን ብልጭታንና የነገሮችን ጠርዝ የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ። በ2013 በአሜሪካ እንዲሸጥ ተፈቀደለት (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ በልዩ ልዩ አገሮች ከ350 በላይ ሰዎች ተተከለላቸው። በ2019 ማምረቱን አቆመ፣ በዓመቱ ደግሞ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። በቀዶ ሕክምና መሣሪያውን የተቀበሉት ሰዎች፣ ቢበላሽ የሚጠግንላቸው አጥተው ቀሩ። ሥራው በዘመኑ ታላቅ ድፍረት የጠየቀ ነበር፤ መሐንዲሶቹንም አከብራቸዋለሁ። ግን የድፍረቱን ዋጋ በመጨረሻ የከፈለው፣ ውሳኔው ውስጥ ድምፅ ያልነበረው ሰው ነው።

ስለዚህ በገንዘባችሁ፣ በጊዜያችሁና በስማችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ድፈሩ። የተጠቃሚውን አካልና ዕለት ተዕለት ኑሮ ግን መያዣ አታድርጉት። ይህ ከመጀመሪያው ንድፍ ይጀምራል። ራልፍ ሆችኪስ የተባለው መሐንዲስ ራሱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነው። ወንበሮቹን ሲነድፍ ተጠቃሚው ባለበት አካባቢ በሚገኝ ብረትና የብስክሌት ጎማ እንዲሠሩ፣ እዚያው ያለ ጠጋኝም እንዲያድሳቸው አድርጎ ነው። ንድፉንም ለሌሎች ሠሪዎች ክፍት አደረገው። ልዩ ብሎን፣ ልዩ ባትሪ፣ በእናንተ ብቻ የሚከፈት ሶፍትዌር ለባለሀብት ሲነገር ያምራል። ብሎኑ ሲጠፋ ቤት የሚውለው ግን ባለሀብቱ አይደለም።

ጽናትን በተመለከተ አሜሪካዊውን የፈጠራ ሰው ሬይ ከርዝዌልን ማንሳት እወዳለሁ። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የታተመ ጽሑፍን ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ለመሥራት ሲነሣ፣ የሚያስፈልጉት ክፍሎች ተሟልተው የሚገዙበት ገበያ አልነበረም። ማንኛውንም የፊደል ዓይነት የሚለይ ፕሮግራም፣ ጽሑፉን የሚቀዳ ስካነር፣ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ሥርዓት ሁሉ አብረው መሠራት ነበረባቸው። ማሽኑ በ1976 ሲወጣ ትልቅና እጅግ ውድ ነበር። በአሜሪካ የዓይነ ስውራን ማኅበር አባላት በሥራው ላይ ተሳትፈዋል፣ ማሽኑንም ሞክረዋል። ዛሬ ያው ተግባር በእጅ ስልክ ይከናወናል። ማሽኑ ቀርቷል፤ ችግሩን የያዙት ሰዎች ግን አልለቀቁትም። እናንተም የሙጥኝ የምትሉት ችግሩን ይሁን። የመጀመሪያ ናሙናችሁን ከልክ በላይ አትውደዱት፤ ሦስት ሰዎች ተጠቅመውበት ጥግ ላይ ካስቀመጡት፣ አራተኛውን ለማሳመን የምታጠፉት ጉልበት ጽናት አይባልም።

መሣሪያ ጥግ ላይ መቅረቱ ደግሞ የዚህ ሙያ ትልቁ ሕመም ነው። በ1993 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች ከተቀበሏቸው አጋዥ መሣሪያዎች 29 በመቶ ያህሉን ጨርሰው እንደተዉአቸው አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ መሣሪያው ሲመረጥ የተጠቃሚው ሐሳብ አለመጠየቁ ነው። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው ብዙ ተሻሽሏል፣ ይህን ነገር ግን ዛሬም አየዋለሁ። ሰው ሠራሽ እግሩ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ለባሹ ግን ቆዳውን ስለሚያቆስለው ክራንቹን ይመርጣል። የመስሚያ መሣሪያው ድምፁ ጥሩ ነው፤ የሚጠቀሙበት አዛውንት ግን ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ ያችን ደቂቅ ባትሪ ሊለውጡ አይችሉም። ይህን ከቢሮ ሆኖ የሚያውቅ የለም። ሄዳችሁ አብራችሁ ዋሉ።

ሌላው የሚያደክማችሁ ገዢውና ተጠቃሚው የተለያዩ መሆናቸው ነው። የሚከፍለው መንግሥት፣ ኢንሹራንስ ወይም በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ውሳኔው ይዘገያል፣ ክፍያውም እንዲሁ። ለዚህ የሚበቃ የቆይታ ገንዘብ ሳትይዙ አትግቡ። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ምርጫው ለገዢው ምቾት ማዘንበሉ ነው። ዓይነ ስውሩ ፈረንሳዊ ሉዊ ብሬል በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሕፈት ያበጀው በ1824፣ በ15 ዓመቱ ነበር። የተማረበት የፓሪስ ትምህርት ቤት በይፋ የተቀበለው ግን በ1854፣ እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዓይናማዎቹ መምህራን ራሳቸው ማንበብ የሚችሉትን፣ ከወረቀቱ ጎላ ብሎ የታተመውን የተለመደ ፊደል ነበር የሚመርጡት። በመሐሉ ግን ተማሪዎቹ ነጥቡን ይጠቀሙበት፣ እርስ በርስም ይማማሩት ነበር። ገዢው እስኪገባው ድረስ የሚያቆያችሁ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ ነው።

ገበያ የለም ለሚሏችሁ መልሱ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ሪፖርት ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ናቸው፤ በአንዳንድ ድሃ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው።

ከባለሀብት ጋር ውል ስትዋዋሉ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ቢሸጥ ንድፉና የሶፍትዌሩ ኮድ ለሚጠግኑት ይለቀቅ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብም በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። በዚህ የሚሸሹ ይኖራሉ፤ ይሽሹ። ረቂቁንም ከመፈረማችሁ በፊት መሣሪያውን ለሚጠቀሙ ሰዎች አንብቡላቸው፣ የጎደለውን ይንገሯችሁ።