ፑል ለብቻ መለማመጃ ጨዋታዎች፦ ነጯን የሚያስቆጥሩት

«ቀላሏን ኳስ አገባለሁ፣ ቀጥሎ ግን ነጯ ሁሌ መጥፎ ቦታ ትቆምብኛለች፤ ብቻዬን ምን ልለማመድ? በጌም መክፈሉም ከብዶኛል» ብለህ ለጠየቅከው የድሬዳዋ ከዚራ ልጅ።

አቦ፣ ማግባት ከቻልክ ከባዱን አልፈኸዋል። የጎደለህ ነጯን፣ በስቲኩ (በመምቻው ዱላ) የምትመታትን ኳስ፣ የምትፈልገው ቦታ ማቆም ነው። ስለዚህ 15ቱን በትነህ አንድ በአንድ ማስገባትን እንደ ልምምድ አትቁጠረው፤ በየምሽቱ የምታደርገው እሱን ነው። ነጯ ያለቦታዋ ስትቆም ነጥብ የሚያስጥል ጨዋታ ያስፈልግሃል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ሂድና ለባለቤቱ «በጌም ሳይሆን በሰዓት ልክፈልህ» በለው፤ ባዶ ከሚቆምበት ይሻለዋል። ለአንተም ጠዋቱ ይመረጣል። ድሬ ከሞቀ በኋላ እጅ ያልብና ስቲኩ ጣት ላይ ይይዛል። ፓውደር ግን አትነስንስ፣ ጨርቁን ያበላሸዋል፤ ደረቅ ፎጣ ይበቃል።

ከመጀመርህ በፊት ጠረጴዛውን ፈትሽ። ነጯን በረጅሙ ጠርዝ ትይዩ ቀስ አድርገህ ልቀቃት፤ ልትቆም ስትል ወደ አንድ ጎን ካጋደለች እግሩ ስር ካርቶን አስገባ። ኳሶቹን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥበህ አድርቅ። ይሄ ለውበት አይደለም፦ በረንዳ ላይ አቧራ የጠጡ ኳሶች ሲጋጩ ይያያዛሉ፣ በነጯ የምትመታት ኳስ ነጯ ወደምትሄድበት ትጎተትና ከቀዳዳው ጠርዝ ትመለሳለች። በተለይ ቀስ ብለህ ስትመታ ይብሳል። አንተ «አላማዬ ጠፋ» ትላለህ፣ ጥፋቱ የቆሻሻው ነው።

መጀመሪያ የማቆሚያውን ጨዋታ ያዝ። አንድ ኳስ ቀዳዳ አጠገብ፣ ነጯ ከሷ ፊት ለፊት፣ ሦስቱም ቀጥ ባለ መስመር። ርቀቱን በጠርዙ እንጨት ላይ ባሉት ነጥቦች ለካ፤ በ7 ጫማ ጠረጴዛ ከነጥብ ነጥብ 25 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከአንድ ነጥብ ርቀት ጀምር። ኳሷ ገብታ ነጯ እዚያው ከቆመች ተሳካ። በተከታታይ 3 ጊዜ ሲሳካ አንድ ነጥብ ወደ ኋላ፣ አንዴ ሲበላሽ አንድ ነጥብ ወደ ፊት። አምስት ነጥብ ርቀት ላይ ስትደርስ ጨዋታህ ተለውጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነጯን ከመሃሏ ዝቅ አድርገህ ስትመታት ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትነሳለች፣ ጨርቁ ደግሞ መንገድ ላይ ሽክርክሪቱን ይበላዋል። ኳሷ ጋ ስትደርስ ልክ ካለቀ ትቆማለች። ቀድሞ ካለቀ ተከትላ ትሄዳለች፤ ያኔ ትንሽ ዝቅ በል ወይም ጠንከር አድርግ። ወደ አንተ ከተመለሰች አብዝተሃል። ወደ ጎን ካፈተለከች መስመሩ ቀጥ አላለም ወይም ነጯን ከመሃል ወጥተህ ነው የመታኸው። ይሄን ለመለየት በነጯ ምትክ ባለመስመሯን ኳስ አድርግ፣ መስመሯን ወደምትመታበት አቅጣጫ አቁመው። ስትንከባለል መስመሩ ከተወዛወዘ ጎን ነክተሃል። ስቲኩ ጫፍ ላይ የቀባኸው ቾክ የነካበትም ቦታ ኳሷ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ የወረቀቱ። አንድ ኤፎር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አንጥፍ። ኳሷን ከጥግ ቀዳዳ ሁለት ስንዝር አርቅ፣ ነጯን ግማሽ ኳስ በሚያስመታህ ማእዘን፣ ማለትም የኳሷን ግማሽ ብቻ ሸፍና በምትመታበት፣ አድርግ። ነጯ በተፈጥሮዋ እየተንከባለለች ከደረሰች ከመጣችበት መስመር 30 ዲግሪ ያህል ትታጠፋለች። ሳትንከባለል ተንሸራታ ከደረሰች ግን ኳሷ ከሄደችበት መስመር 90 ዲግሪ ትወጣለች። ወረቀቱን መጀመሪያ በአንደኛው መንገድ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ላይ አድርገው። አግብተህ ወረቀቱ ላይ ካቆምክ 1፣ አግብተህ ከሳትክ ዜሮ። ከ10ሩ 7 ካገኘህ ወረቀቱን እጠፈው። የኳሶቹን ቦታ በቾክ አትቀባ፣ ባለቤቱ ያባርርሃል፤ ቁራጭ ወረቀት ከስሯ አድርግ።

ሦስተኛውና እኔ አብልጬ የምወደው፣ በሐሳብህ ከፈጠርከው፣ ከማይስት ተጋጣሚ ጋር መጫወት ነው። 3 ኳስ በትን፣ ነጯን በፈለግከው ቦታ አስቀምጥ። ሦስቱንም ሳትስት ከጨረስክ 1 ለአንተ፣ አንዴ ከሳትክ 1 ለሱ። እስከ 7 ተጫወቱ። ስታሸንፍ 4 ኳስ አድርግ። አንድ ሕግ ግን ጨምርበት፦ ከመጀመሪያው ምት በፊት ቅደም ተከተሉን ጮክ ብለህ ተናገር። መጨረሻ የምትገባዋን ምረጥ፣ ከዚያ ወደሷ የምታደርስህን፣ ከዚያ የመጀመሪያዋን። ነጯን ስታስቀምጥም ለመጀመሪያዋ ኳስ ፊት ለፊት አታድርጋት፣ ብዙዎች እዚህ ይሳሳታሉ። ቀጥ ያለ ምት ለማግባት ቀላል ነው፣ ነጯ ግን ከፊትና ከኋላ ሌላ መንገድ አይኖራትም። ትንሽ ማእዘን ተው።

እድገትህን በቁጥር ማየት ከፈለግክ 10 ኳስ ደርድረህ ክፈት፣ በመክፈቻው የገባ ካለ መልሰው፣ ነጯን ከመክፈቻው መስመር ጀርባ አድርገህ ጀምር። በየዙሩ ሁለት ዕድል አለህ፣ የገባው ኳስ ነጥብህ ነው። 10 ዙር፣ ከ100። ደብተር ላይ ጻፈው። የመክፈቻ ጉልበት ልምምድ ለጊዜው ይቆይ።

ጠረጴዛው ትንሽ ነው ብለህም አትናቅ። አሜሪካዊው የፑል ሻምፒዮን ዊሊ ሞስኮኒ እ.ኤ.አ. በ1954 ሳይስት 526 ኳስ ያስገባው በ8 ጫማ ላይ ነው። ትንሽ ጠረጴዛ ኳስ ያጨናንቃል፣ የነጯ ስህተት ቶሎ ይጋለጣል።

ጓደኛ ከመጣልህ ክፍያውን ተካፍላችሁ የመደበቅ ጨዋታ ሞክሩ፦ ማግባት ክልክል፣ ነጯን ከሌላ ኳስ ጀርባ መሸሸግ ብቻ። ከተነካካ በኋላ አንዷ ኳስ ጠርዝ ካልነካች ፋውል ነው፣ ፋውል 1 ነጥብ ያስጥላል።

ሐረር ወጥተህ ስትጫወት ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌና ነሐሴ፣ ጨርቁ እርጥበት ይዞ ከድሬው ይዘገያል። ጌም ከመጀመርህ በፊት ነጯን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መትተህ ተመልሳ እግርህ ሥር ካለው ጠርዝ አጠገብ እስክትቆምልህ ድረስ ደጋግም፤ የእጅህን ጉልበት ያን ጊዜ ታገኘዋለህ።