አንባቢዎች ይጠይቃሉ፦ በዶንጎላ የተገኘው ገዳም እና መናገሻ ከተማዋ

ጥያቄ፦ በሱዳን፣ ዶንጎላ በተባለች ጥንታዊት ከተማ አጠገብ፣ መነኮሳቱ ለቀውት የሄዱ ትልቅ ገዳም ከአሸዋ ሥር እንደ ወጣ በአንድ ጉባኤ ላይ ሰምቼ ነበር። ፍርስራሽ ብቻ የቀረው ሕንጻ ገዳም እንደ ነበር በምን ይታወቃል? ባዶውን የቀረውስ እስልምና ሲገባ ፈርሶ ነውን? (አንዲት አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ለማስቀደም ያህል፣ ገዳሙ በአንድ ዘመቻ ፈርሶ የጠፋ አይደለም። የገዳሙ ዕጣ ከከተማዋ ዕጣ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ለያይቶ ማየት አይቻልም።

ዶንጎላ በአባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ በኑብያ ምድር የነበረችው የክርስቲያናዊቷ የማኩርያ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ከግብፅ የተነሣው የዐረብ ጦር በ652 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን ቢከብባትም፣ ዐረቦቹ ራሳቸው «የዐይን ብሌን ወጊዎች» ያሏቸው የኑብያ ቀስተኞች ስለ በረቱበት፣ ባቅጥ የተባለውን ውል ተዋውሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማኩርያ ለብዙ መቶ ዓመታት በክርስትናዋ ጸንታ ኖረች። ይህች ከተማ በአሸዋ ተውጣ ከቆየች በኋላ የፖላንድ ባለሙያዎች በ1964 ቁፋሮ ጀመሩባት፤ ገዳሙም የተገኘው ከከተማዋ ዳር፣ ቆፋሪዎቹ ኮም ኤች ብለው ከሰየሙት ጉብታ ሥር ነው።

ሕንጻው ገዳም መሆኑ በመጀመሪያ የታወቀው ከአሠራሩ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው አጥር፣ በውስጡ ያለው ቤተ ክርስቲያንና የመነኮሳቱ በአት በአንድነት ሲታዩ የገዳም አሠራር መሆኑ ግልጽ ነው። ይህንንም የሚያጠናክረው በዚያው በ1993 የተገኘው ጠባብ የመቃብር ክፍል ነው። የመቃብሩ ጽሑፍ እንደሚለው፣ የዶንጎላው ሊቀ ጳጳስ ጊዮርጊስ በ82 ዓመታቸው በ1113 አርፈዋል። በክፍሉ ውስጥ የሰባት ሰዎች አስከሬን የተገኘ ሲሆን፣ የአካባቢው ድርቀት ስላደረቃቸው ሳይበሰብሱ ቆይተዋል።

ክፍሉ ውስጥ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ግድግዳው በኖራ ተቀብቶ በጥቁር ቀለም በደቂቅ ፊደል ተሞልቷል። የአራቱም ወንጌላት መጀመሪያና መጨረሻ፣ እንዲሁም ሌሎች ጸሎቶች በጽርእና በቅብጥ ቋንቋ ተጽፈውበታል፤ ጸሐፊውም ዮሐንስ የሚል ስሙን አኑሮበታል። ወንጌልን በሙሉ ለመጻፍ ቦታው ስለማይበቃ፣ አፍና ማብቂያውን መጻፍ መላውን መጽሐፍ በሟቹ ዙሪያ እንደ ማኖር ተቆጥሮ ሳይሆን አይቀርም። ከጽሑፎቹ መካከል እመቤታችን በባርቶስ አገር የጸለየችው ጸሎት ይገኝበታል። ይህን ጸሎት በአገራችን ብዙ ሰዎች ከቤታቸው የጸሎት መጻሕፍት ያውቁታል፤ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት በሞተ ኑብያዊ ሊቀ ጳጳስ መቃብር ግድግዳ ላይ ማግኘት ለእኔ ከምንም በላይ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ከገዳሙ ጋር በተያያዘው ሌላ ሕንጻ ግድግዳዎች ላይ ደግሞ ብዙ ሥዕሎች ተገኝተዋል። በአንደኛው ላይ ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ከበሮ እየተመታ ለእመቤታችን ክብር ሲዘፍኑ ይታያሉ፤ በዙሪያቸውም በጥንታዊ ኑብኛ የተጻፈ ምስጋና አለ። በሌላው ላይ ሰዎች ገንዘብ ሲቀባበሉ ተሥለዋል። ለእኔ እነዚህ ሁለት ሥዕሎች ገዳሙና ከተማዋ ምን ያህል ይቀራረቡ እንደ ነበር የሚያሳዩ ናቸው፤ የከተማው ሰው ጭፈራውንም ገበያውንም ይዞ ወደ ገዳሙ ይመጣ ነበርና።

መጨረሻው የመጣው ቀስ በቀስ ነው። የማኩርያው ንጉሥ ዳዊት በ1272 በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የአይዛብ ወደብ ላይ ከዘመተ በኋላ፣ የግብፁ ሱልጣን ባይባርስ በ1276 ጦሩን ወደ ማኩርያ ላከ፤ ዳዊትም ተሸንፎ ከዙፋኑ ወረደ። በ1317 የነገሥታቱ አዳራሽ ወደ መስጊድነት ተለወጠ፤ ይህን የሚመሰክረው በሕንጻው ውስጥ የተገኘ ጽሑፍ ነው። መነኮሳቱ ግን እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በቦታው ጸንተዋል። በ1365 ገደማ ቤተ መንግሥቱ ከተማዋን ለቆ ዳው ወደምትባል ስፍራ ሄደ። ገዳሙን የሚደግፍ ንጉሥና መኳንንት በሌለበት፣ በበረሃ ዳር ያንን ሁሉ ሕንጻ ማደስ የሚቻል አይመስለኝም። ከተማዋ ራሷ ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ አልሆነችም፤ በኋለኛው የፉንጅ (በሱዳን የነበረ የእስላም መንግሥት) ዘመንም ሰዎች በአሮጌዎቹ ፍርስራሾች ላይ ቤት ሠርተው ኖረዋል። በ2023 ከእነዚህ ቤቶች ሥር ባሉ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ በተገኘ ሥዕል ላይ፣ ያው የተባለው ንጉሥ ዳዊት ሳይሆን አይቀርም የሚባል ንጉሥ ከቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ ሥር ሆኖ ይታያል። አብሮት ያለው ጽሑፍ ከተማዋን ቱንጉል ብሎ በስሟ እየጠራ እግዚአብሔር እንዲጠብቃት ይለምናል።

ጥያቄ፦ የማኩርያ መንግሥት ከኢትዮጵያ ጋር በቀጥታ የተገናኘበት ጊዜ አለን? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ አዎን። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ጳጳስ የሚቀበሉት ከእስክንድርያ ነበር። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አንዲት ንግሥት አገሩን ስትወርበትና አብያተ ክርስቲያናትን ስታቃጥል የተጨነቀው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ወደ ኑብያው ንጉሥ ጊዮርጊስ ደብዳቤ ጽፎ ጳጳስ እንዲሾምለት ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአባ ፊላታዎስ ጋር እንዲያማልደው መለመኑን የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ይነግረናል። ብዙዎች ይህችን ንግሥት በትውፊታችን ዮዲት ጉዲት ከምትባለው ጋር አንድ ያደርጓታል። ጊዮርጊስ ለፓትርያርኩ ጻፈ፤ ከአቡ መቃር ገዳም ዳንኤል የሚባል መነኩሴ ተሹሞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ።