ጥያቄና መልስ፦ ከነርሲንግ ሆም ሺፍት ወደ ሪክሬሽን ቴራፒ

ጥያቄ

የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በነርሲንግ ሆም ውስጥ በጂ.ኤን.ኤ. (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ፈቃድ አረጋውያንን እየረዳሁ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት ሳለሁ በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ አስተምር ነበር። ማንሣትና ማገላበጡ ወገቤን እየጎዳው ስለመጣ፣ እንዲሁም የአክቲቪቲ (የመዝናኛ ፕሮግራም) ክፍል ሠራተኛ በቀረ ቁጥር ቢንጎና የወንበር ላይ ስፖርት እንድመራ ስለምጠየቅ፣ ሪክሬሽን ቴራፒ፣ ማለትም በጨዋታና በመዝናኛ የማከም ሙያ፣ ለመማር አስቤያለሁ። አንዷ ጓደኛዬ በኢንተርኔት ቶሎ የሚያልቅ ኮርስ ይበቃል ትለኛለች፤ ሌላዋ ዲግሪ ግዴታ ነው ትላለች። ማንን ልመን? የአገር ቤት ዲግሪዬስ ይጠቅመኛል?

መልስ

ሁለቱም ጓደኞችዎ አልተሳሳቱም፤ የሚነግሩዎት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነው። አንደኛው በነርሲንግ ሆም አክቲቪቲ ክፍል የሚሠራው ሲሆን በረዳትነት ለመጀመር ዲግሪ አይጠየቅበትም። ሁለተኛው በሆስፒታል፣ በአእምሮ ሕክምና ተቋምና በማገገሚያ ማዕከል የሕክምና ቡድኑ አባል ሆኖ የሚሠራው የሪክሬሽን ቴራፒስት ሥራ ነው፤ እሱ ዲግሪ፣ ክትትል ያለበት የሥራ ልምምድና አገር አቀፍ ፈተና ይፈልጋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ጨዋታ ማጫወት ይመስላሉ።

ገበጣን እንውሰድ። በአክቲቪቲ ክፍል ገበጣ የሚዘረጋው አረጋውያኑ ከሰዓት በኋላውን ደስ ብሏቸው እንዲያሳልፉ ነው፤ ይህም በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሪክሬሽን ቴራፒስት ያንኑ ገበጣ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ላደከመባቸው ሰው ከማቅረቡ በፊት ግን ጣቶቻቸው ምን ያህል እንደሚታዘዙላቸው፣ ትኩረታቸው ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይና ከመታመማቸው በፊት ምን ይወዱ እንደነበር ይመዘግባል፤ ቀጥሎም «በአራት ሳምንት ውስጥ በደከመው እጃቸው ጠጠሮቹን እያነሡ ያለ እርዳታ ለ15 ደቂቃ ይጫወታሉ» የሚል ሊለካ የሚችል ግብ ይጽፋል። ጠጠሩ ከእጃቸው የሚያመልጥ ከሆነ ለመያዝ በሚቀል ትልቅ ፍሬ ይለውጠዋል፤ የታየውን ለውጥም በሕክምና መዝገባቸው ላይ ያሰፍራል። ትምህርቱ በአብዛኛው ይህንኑ መመርመር፣ ማቀድ፣ ማከናወንና መገምገም የሚያስተምር ነው። ብዙ ጨዋታ ማወቅና ሰው ማሳቅ ብቻውን ሩቅ አያደርስም።

እርስዎ ባሉበት ቦታ የሚጠቅምዎትን መንገድ ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ተከትሎ የፌዴራሉ ደንብ፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከተባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች ክፍያ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም የአክቲቪቲ ፕሮግራሙን ብቃት ባለው ሰው እንዲያስመራ ያዛል። ብቃት ካላቸው መካከል ለሙያው ምስክር ወረቀት የሚያበቃውን መስፈርት ያሟሉ የሪክሬሽን ቴራፒስቶችና የአክቲቪቲ ባለሙያዎች፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችና ረዳቶቻቸው፣ እንዲሁም ስቴቱ ያጸደቀውን ሥልጠና የጨረሱ ሰዎች ይገኙበታል። ከእነዚህ ሌላ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በማኅበራዊ ወይም በመዝናኛ ፕሮግራም ሁለት ዓመት የሠራ፣ ከሁለቱም አንዱን ዓመት ሙሉ ሰዓት በቴራፒዩቲክ አክቲቪቲ ፕሮግራም ያሳለፈ ሰው ያለ ዲግሪም ክፍሉን መምራት ይችላል። ስለዚህ ለማንኛውም ኮርስ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ወደ አክቲቪቲ ክፍል እንዲዛወሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ቢንጎ ሲመሩ የቆዩት በጂ.ኤን.ኤ. የሥራ መደብ ላይ ሆነው ስለሆነ፣ መደቡ ካልተቀየረ ያ ጊዜ እንደ ልምድ እንዲቆጠርልዎ ማስረዳት ይከብድዎታል።

በዚህ ሥራ የአማርኛ ተናጋሪ ጥቅም ነዋሪዎችን በቋንቋቸው ከማጫወት ያልፋል። እያንዳንዱ ነዋሪ በሚመዘገብበት ኤም.ዲ.ኤስ. በተባለው ቅጽ ኤፍ ክፍል ላይ ሙዚቃ መስማት፣ ዜና መከታተል፣ ከቤት ውጭ መውጣት፣ ከሰዎች ጋር በቡድን መሥራትና በሃይማኖታዊ ሥርዓት መሳተፍ ለነዋሪው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ራሱ ነዋሪው ይጠየቃል። አንዲት የእኛ እናት ረቡዕ በተዘጋጀ የአይስክሬም ግብዣ ላይ ካልቀመሱ፣ ጾም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከሌለ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ለመሳተፍ ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚል ነው። ይህ በተደጋጋሚ ሲጻፍ ከሰው የመገለል ወይም የድብርት ምልክት ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ቅጹ በደንብ ቢሞላ ኖሮ ግብዣው ወደ ሐሙስ ይዛወር ነበር።

ወደ ሁለተኛው ሥራ ስንመጣ፣ በአሜሪካ ቀጣሪዎች በብዛት የሚጠይቁት ሲ.ቲ.አር.ኤስ. የተባለውን የሪክሬሽን ቴራፒስት የምስክር ማዕረግ ነው። ይህንን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የሙያው ብሔራዊ የምስክር ወረቀት ሰጪ ምክር ቤት፣ በምሕፃሩ ኤን.ሲ.ቲ.አር.ሲ. ነው። በመደበኛው መንገድ የሚያመለክት ሰው በሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው፣ ከሙያው ኮርሶች በተጨማሪ የሰውነት አካልና የአሠራሩ (አናቶሚና ፊዚዮሎጂ)፣ የአእምሮ መታወክ ሳይኮሎጂና የሰው ልጅ ዕድገት ኮርሶችን ሊወስድ፣ እንዲሁም ማዕረጉ ባለው ባለሙያ ሥር ቢያንስ 14 ሳምንትና 560 ሰዓት ሊለማመድ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለፈተና ይቀርባል። ማዕረጉ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። እንደ ዩታ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኦክላሆማና ኒው ሃምፕሽር ያሉ ስቴቶች ደግሞ የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ዲግሪዎ ይጠቅምዎታል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አስቀድመው የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ በሚገመግም ድርጅት ኮርስ በኮርስ ያስገምግሙት። የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ስለሰውነት አካል መማሩ ስለማይቀር ያ ሊያዝልዎት ይችላል፤ የሚጎድልዎት በዋናነት የሙያው ኮርሶች ይሆናሉ። ውጤቱን ይዘው ትምህርቱን የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ያማክሩ፤ መስፈርቱ በየጊዜው ስለሚሻሻል የወቅቱን መመሪያም ከምክር ቤቱ ያግኙ። በአካባቢዎ ቤተስዳ የሚገኘው የብሔራዊ ጤና ተቋማት ክሊኒካል ሴንተር የሪክሬሽን ቴራፒ ክፍል ስላለው፣ ሙያው ከነርሲንግ ሆም ውጭ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ይጠቅምዎታል።

ስለ ወገብዎ ግን አላታልልዎትም። ማገላበጡ ይቀራል እንጂ ዊልቼር መግፋት፣ ጠረጴዛ ማንሣትና ቀኑን ሙሉ መቆም አለ። በዓልና ቅዳሜና እሑድም የሥራ ቀን ነው፤ ሌላው ቤቱ ዶሮ ሲበላ እርስዎ ለነዋሪዎች የፋሲካ እንቁላል ሲያቀልሙ ሊውሉ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ሪፖርትም ብዙ ነው፤ ደመወዙም በአብዛኛው ከሬጅስተርድ ነርስ ያነሰ ነው።

ጥያቄ

በሜልበርን አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በተንከባካቢነት እሠራለሁ። ከሪክሬሽን ቴራፒ ጋር የሚቀራረበውን፣ እዚህ ዳይቨርሽናል ቴራፒ የሚባለውን ሥራ ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ መግባት የግድ ነው?

መልስ

የግድ አይደለም። በአውስትራሊያ በአረጋውያን መኖሪያዎች የላይፍስታይል (የመዝናኛ ፕሮግራም) ክፍል ለመቀጠር የተለመደው መግቢያ በሌዠር ኤንድ ኸልዝ (መዝናኛና ጤና) የሚሰጠው ሰርተፊኬት ፎር (ደረጃ አራት) ነው፤ ቴፍ በሚባሉት የመንግሥት የሙያ ኮሌጆችና በተመዘገቡ የግል ማሠልጠኛዎች ይሰጣል፤ ከእሱ በላይ ዲፕሎማ አለ። ሙያው እንደ ነርስነት በብሔራዊው የጤና ባለሙያዎች ምዝገባ ሥር ስላልሆነ፣ የትኛው ማስረጃ እንደሚበቃ በአብዛኛው የሚወስነው ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስበው ምን እንደሚጠይቁ ያወዳድሩ፤ የሙያ ማኅበሩም፣ ዳይቨርሽናል ኤንድ ሪክሬሽን ቴራፒ አውስትራሊያ፣ ለአባልነት የሚጠይቀውን ይመልከቱ። ትምህርቱ በሥራ ቦታ የሚደረግ ልምምድ ስላለው የልምምድ ቦታ የሚፈልገው ማሠልጠኛው ይሁን እርስዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ አሁን ባሉበት መኖሪያ መለማመድ የሚፈቀድ ከሆነም ሥራ አስኪያጅዎን ያነጋግሩና ስምምነቱን በጽሑፍ ይያዙ።