በሳምፕል የተሠራ አልበም ከመልቀቅሽ በፊት፦ የእኔ በሦስተኛው ቀን ወርዷል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘጠኝ ትራክ ጨርሰሻል፣ አብዛኞቹ አዝማች የላቸውም፣ ድምፆቹን ከድሮ ሸክላና ካሴት ቆርጠሽ (ሳምፕል አድርገሽ) ቀጣጥለሻል፣ ሦስተኛው ትራክ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው ጊታር ላይ ነው የቆመው። አሁን «በሚቀጥለው ወር ልልቀቀው ወይስ የቀረኝ ነገር አለ? አዝማች አለመኖሩስ?» ነው የምትዪው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ሽፋን ምስልና ስለ ማስታወቂያ ነው የነገሩሽ። እኔ ግን ዓይኔ «ቆርጬ» የሚለው ቃል ላይ ተተክሎ ቀረ። እኔም እንደዚያው ነበር የሠራሁት። ስለ ቢት አሠራርና ስለ ማይክ አመራረጥ አላወራም፣ እዚህ የደረስሽ ሰው ያንን ታውቂዋለሽ።

1. እያንዳንዱ ድምፅ ከየት እንደመጣ ዛሬውኑ ጻፊ። የትኛው ትራክ፣ ስንተኛው ደቂቃ፣ ከየትኛው ሥራ፣ ስንት ሰከንድ፣ ምን አደረግሽው። ነገ እጽፈዋለሁ ካልሽ አትጽፊውም። እኔ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ መስመር አልጻፍኩም። በኋላ ሲጠይቁኝ ፕሮጀክት ፋይሉን ከፍቼ ያገኘሁት «ድምፅ 14» «ድምፅ 14 አዲስ» «ድምፅ 14 የመጨረሻ» የሚሉ ስሞችን ብቻ ነው።

አራተኛው ትራኬ የአልበሙ ልብ ነበር። ከአንድ አሮጌ ሸክላ የሰባት ሰከንድ የሴት ድምፅ ቀዳሁ። ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ አምስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ወደ ታች አወረድኩት፣ ጫፉን ገለበጥኩት። ሴትየዋ ስንኙን ልትጀምር ትንፋሽ የምትስብባት ቅጽበት አለች፤ እሷን ለይቼ አውጥቼ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ አስቀመጥኳት። ትራኩ ስኔር የሚባለው ከበሮ የለውም፣ ትንፋሿ ነው ስኔሩ። ያንን ሌሊት አልረሳውም፣ ዛሬም በሥራው እኮራለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ለዘፋኟ ክብር ብዬ ዋናውን ድምፅ ሳልነካ ሰባቱንም ሰከንድ እንዳለ ለቀቅኩት። «ለሰባት ሰከንድ ማን ይጠይቀኛል?» አልኩ።

አልበሙ ዓርብ ወጣ። እሑድ ጠዋት ሙዚቃውን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ ከሚያደርሰው አከፋፋይ ድርጅት ኢሜይል መጣ፦ የባለመብት አቤቱታ ቀርቧል፣ ሥራው ወርዷል። ያወረዱት አራተኛውን ትራክ ብቻ መስሎኝ ነበር። አስራ አንዱንም ነው። አንድ ትራክ ብቻ አውጡና ሌላውን መልሱ ብዬ ስጽፍ ተመሳሳይ መልእክት አምስት ጊዜ ደረሰኝ፣ አንድም ሰው አላነበበውም። ከዘመድ ከወዳጅ ሁሉ «ሊንኩ አይሠራም» የሚል መልእክት እየመጣ፣ ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ነገር ማሳየት አልቻልኩም።

«ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም» የሚሉሽን አትስሚ። በ1991 ዓ.ም. በፈረንጆች፣ ኒውዮርክ ውስጥ በሳምፕል ጉዳይ በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ላይ የፈረደው ዳኛ ውሳኔውን የጀመረው «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ነው። በ2005 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ሰከንድ ለምትሆን የጊታር ቅንጣት፣ ያውም ቃናው ዝቅ ተደርጎ ተደጋግሞ ለገባ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። በ2016 ሌላው ይግባኝ ሰሚ ተቃራኒውን ስለወሰነ እዚያው አገር ውስጥ እንኳ ስምምነት የለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 በጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን በክራፍትወርክ ጉዳይ ላይ፣ ሲሰማ እስከማይታወቅ ድረስ ካልተለወጠ በቀር በጣም አጭር ቅንጣትም ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ወስኗል። ክርክሩ የተነሳው በሁለት ሰከንድ የከበሮ ድምፅ ነው። የአሜሪካውን የሂፕ ሆፕ ቡድን የዴ ላ ሶልን የ1989 የመጀመሪያ አልበም አስቢው። ያ ታላቅ ሥራ ሳምፕሎቹ ባመጡት የመብት ጣጣ ምክንያት በስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ማድመጫዎች) ላይ የወጣው በ2023 ነው። እነሱን ለዓመታት ያጓተተ ነገር እኔንና አንቺን አያልፍም።

2. ፈቃዱ ሁለት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። አንዱ የድርሰቱ ነው፣ ማለት የግጥምና የዜማው፤ ሌላው የተቀዳው ድምፅ፣ የማስተሩ ነው። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ፈቅዶልሽ ሌላው ከከለከለሽ እጅሽ ባዶ ነው።

የዜማው ባለቤት በሕይወት ያሉ ሽማግሌ ሆነው አገኘኋቸው። ሥራውን አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው «ትንፋሿን ነው የወሰድከው?» አሉኝ። ገረማቸው፣ ደስ አላቸው፣ በስምምነት ድርሻቸውን ጽፈን ፈረሙልኝ።

የማስተሩ ባለቤት የሆነው ድርጅት ግን ሌላ ነገር ነው። ስሙን አልጠራም። ስልኩን ያነሳችው ሴት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስንት ተከታይ አለህ?» ነበር። ቁጥሩን ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ «በጽሑፍ አቅርብ» ብላ ዘጋችው። በጽሑፍ አቀረብኩ። ሦስት ወር፣ ዘጠኝ ኢሜይል። በመጨረሻ አንድ ሰው ደወለና «ሰማነው፣ ይሄ ሙዚቃ ነው እንዴ? ጫጫታ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ነገር አንሰጥም» አለኝ። ዋጋ ቢጠራ ኖሮ ተበድሬም እከፍል ነበር። ዋጋ እንኳ አልጠራም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እምቢ ማለት መብታቸው ነው፣ ሰውን ማዋረድ ግን መብታቸው አይደለም። አንቺም ይህ ሊገጥምሽ ስለሚችል ጆሮሽን አዘጋጂ፣ በእነሱ ቃልም ሥራሽን አትመዝኚ።

መውጫው ይህ ነው፦ የድርሰቱ ፈቃድ ካለሽ ድምፁን እንደ አዲስ አስዘፍነሽ መቅዳት ትችያለሽ፣ ያን ጊዜ የድሮው ማስተር አያስፈልግሽም። አንዲት ወጣት ዘፋኝ አመጣሁ። ሰባቱን ሰከንድ አርባ ጊዜ ያህል ቀዳን፣ ትንፋሹን ብቻ ለብቻው ሌላ ሃያ ጊዜ። የሸክላው እሽታ፣ ያ «ሽ» የሚለው ድምፅ፣ እንዲኖረው በካሴት ላይ ቀድቼ መልሼ አስገባሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመጀመሪያው በለጠ። የድሮው ትንፋሽ የሌላ ሰው ዘፈን መግቢያ ነበር፣ አዲሱ ግን ለእኔ ትራክ ተብሎ የተሳበ ነው።

3. በነጻ የተፈቀደ ሉፕም (እየተደጋገመ የሚጫወት አጭር ድምፅ) ያስጠይቃል። ከሳምፕል ጥቅል የተወሰደ አንድ የፒያኖ ሉፕ ሰባተኛው ትራክ ላይ ነበረኝ። ያንኑ ሉፕ የተጠቀመ ሌላ ሰው ሥራውን የተመዘገበ ድምፅ በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ሲገኝ በሚይዘው የዩቲዩብ ሥርዓት፣ ኮንቴንት አይዲ ላይ ስላስመዘገበ የእኔ ትራክ የሱ ተብሎ ተያዘ። የጥቅሉን የፈቃድ ጽሑፍ አስቀምጬ ስለነበር ተከራክሬ አስለቀቅኩት። አንቺም አስቀምጪ።

4. ማስተር ለሚሠራልሽ ሰው፣ ማለት የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ ለሚያደርግልሽ፣ ማስታወሻ ጻፊ። እንደ እኔ «አደራ፣ ቆንጆ አድርገው» ብለሽ ብቻ አትላኪ። የላክሁት ባለሙያ ጎበዝ ነው፤ ጉብዝናው ነው የጎዳኝ። የካሴቱን እሽታ አጸዳው፣ ሆን ብዬ የሰነጠቅኩትን ቤዝ አለሰለሰው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ትራክ መሃል ያለችውን የአራት ሰከንድ ዝምታ ቆረጣት። በእሱ ጆሮ ስህተት ነበሩ። ስለዚህ «1፡12 ላይ ድምፁ የሚሰበረው ሆን ተብሎ ነው፣ አይነካ» እያልሽ ትራክ በትራክ ጻፊለት። ትራኮችሽ አንዱ ወደ አንዱ የሚፈስሱ ከሆነም ንገሪው፣ ፋይሎቹንም በዋቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) ተቀበዪ፤ የታመቀው ኤምፒስሪ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ክፍተት ይጨምራል።

ድምፁን እስኪፈነዳ አስጩኸው የሚሉሽንም ተያቸው። ስፖቲፋይ በመደበኛው አሠራሩ ሁሉንም ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ ያመጣዋል፤ አስጩኸሽ የላክሽው ተመልሶ ይወርዳል፣ የሚቀርሽ ጠፍጣፋ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ኃይሉ ያለው በሹክሹክታና በፍንዳታ መሃል ባለው ርቀት ላይ ነው፤ እሱን አሳልፈሽ አትስጪ።

5. ቀን። ሁለቱ ፊርማዎች፣ ወይም እንደ አዲስ ከቀዳሽ የድርሰቱ ፊርማ፣ በእጅሽ ሳይገቡ ቀን አትቁረጪ። እኔ ቀኑን አስቀድሜ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ስለነበር ነው ያልጨረስኩትን ለመልቀቅ የቸኮልኩት። ፊርማው ከገባ በኋላ ለአከፋፋዩ ቢያንስ አንድ ወር ስጪው፤ ስፖቲፋይ ላይ ለአጫዋች ዝርዝር አዘጋጆች ትራክ የሚቀርበው ከመውጫው ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድሞ ነው፣ ከወጣ በኋላ አይቻልም።

ከወረደብሽና ደግመሽ ከጫንሽ ደግሞ የእያንዳንዱን ትራክ የአይ ኤስ አር ሲ ቁጥር ያዢ። አስራ ሁለት ፊደልና አኃዝ ያለው የቀረጻው መታወቂያ ነው። ያልተነካው ቀረጻ በድሮው ቁጥሩ መግባት አለበት፣ አዲስ የተቀዳው አዲስ ቁጥር ይወስዳል። እኔ ዘጠኙን በትክክል አስገብቼ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የአድማጭ ቁጥራቸው ተመለሰ። አስረኛውን አዲስ ቁጥር ሰጥቼው ከዜሮ ጀመረ።

ስለ አዝማች ጠይቀሽ ነበር። የእኔም የለውም። ከሰሙት ሰዎች አንድም «አዝማቹ የታለ?» ያለኝ የለም፤ የሚጠይቁኝ ያቺ ትንፋሽ የማን እንደሆነች ነው።

አሁን ሌላውን ሁሉ ተዪና ከሦስተኛው ትራክ ጀምሪ። ያ ጊታር ከወደቀ ትራኩ አብሮ ይወድቃል። የካሴቱን ልባስ አውጪ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደተጫወተው፣ ማን እንዳሳተመው የተጻፈውን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን። ደብዳቤውን ስትጽፊ እኔ ለሽማግሌው የጻፍኩትን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ ስም ብቻ ቀይሪበት።