ድንች የመሰለችው ድመት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የሞተችውን ድመታችሁን ፊት ከፎቶ እያየሽ፣ የበግ ሱፍ በመርፌ እየወጋሽ በማጠንከር ልትሠሪ ጀምረሽ "ጆሮ ያለው ድንች ሆነብኝ፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ብለሻል። ሳቅኩ፣ ይቅር በይኝ። የኔ የመጀመሪያ ሥራ ውሻችን ቡቺ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስወጋው ከርሜ ለልጄ ባሳየው "ማሚ፣ ጅብ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጅብ ነበር።

ከለጠፍሽው ፎቶ እንደማየው ውስጡ ገና ለስላሳ ሳለ ቀለም ማልበስ ጀምረሻል። ሁላችንም እዚያ ጋ ነው የምንቸኩለው፣ ፀጉሩ ያጓጓላ። የዚህ ሥራ መርፌ ጎኑ ላይ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። በወጋሽ ቁጥር የሱፉን ጭረቶች (ቀጫጭን ፀጉሮቹን) ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እነሱም ላያቸው ቅርፊት ቅርፊት ስለሆነ እርስ በርስ ተያይዘው እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ቅርጽ የሚያወጣው ሱፍ መጨመር ሳይሆን መውጋት ነው። ጭንቅላቷ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሰፈር ልጆች እንደሚጫወቱበት የካልሲ ኳስ እምቢ ማለት አለበት። ጣትሽ ከሰመጠ ገና ነው። ለስላሳው ላይ ዓይን ካስቀመጥሽ፣ በኋላ አፍንጫዋን ስትወጊ ዓይኗ ቦታውን ይለቅብሻል። ቡቺን ጅብ ያደረገው ይሄ ነው።

ዓይን ላይ ጊዜ ውሰጂ። ፎቶውን ልትሠሪው ባሰብሽው ልክ አሳትሚው፣ ከዚያ ማስመሪያ ይዘሽ ከዓይን ዓይን፣ ከዓይን ጥግ እስከ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ለኪ። ቦታውን ሱፉ ላይ በስፒል ምልክት አድርጊና ከክንድ ርቀት እይው። እሷን ካልመሰለች ስፒሉን መንቀል ቀላል ነው፣ የተወጋ ዓይን መንቀል ግን ለቅሶ ነው። ሲስማማሽ በወፍራሙ መርፌ ጉድጓዱን አስርጊና የመስታወት ዓይኑን አስገቢ። አሁንም ያፈጠጠች ትመስላለች፣ አትደንግጪ፣ የዓይን ቆብ ስለሌላት ነው። ቀጭን ጥቁር ቡናማ ሱፍ በጣትሽ ጠቅልለሽ ከላይ በኩል ዓይኑን ትንሽ እንዲሸፍነው አድርጊ። እዚህ ጋ ነው በድንገት "ውይ፣ እሷ ናት!" የምትይው።

ደግሞ የምትሠሪበትን ፎቶ ቀይሪው። ፀሐይ ላይ የተነሳ ስለሆነ ብሌኗ እንደ ክር ቀጥኗል። አንቺ የምታስታውሻት ግን ማታ ሶፋ ላይ አጠገብሽ የምትተኛዋን ነው፣ ብሌኗ ሰፍቶ። ጥላ ውስጥ፣ በእሷ ቁመት ልክ የተነሳ ፈልጊ።

አዲስ አበባ ሱፍ ከየት ላምጣ ላልሽው፣ ለውስጡ የመንዝ በግ ሱፍ የሚያህል የለም። እኔ ከደብረ ብርሃን ነው የማስመጣው። ሻካራ ስለሆነ ቶሎ ይያያዛል፣ ነጭም ጥቁርም ቡናማም በተፈጥሮው አለ። ሙቅ ውኃና ላርጎ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ዘፍዝፊው እንጂ እንዳታሺው! ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ ውኃ አለቅልቂው። ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ብታዘዋውሪውና ብታሺው ተጣብቆ ምንጣፍ ይሆናል (አንድ ኪሎ እንዲሁ አበላሽቻለሁ)። ጥላ ላይ ሲደርቅ ገለባውን ልቀሚና በሁለት የውሻ ብሩሽ እንደ ባዘቶ አፍታቺው። ቀለም የሚደባለቀውም በነዚሁ ብሩሾች ነው። ንጹሕ ጥቁር ብቻውን አትጠቀሚ፣ ፊቷ ላይ ቀዳዳ ያለ ይመስላል። ትንሽ ቡናማ ጨምሪበት። ለፊቷ ላይኛ ፀጉር ግን እንደ ሜሪኖ ያለ ለስላሳ ሱፍ ያስፈልግሻል።

መርፌውን እኔ እዚህ ፈልጌ አጣሁና ከጀርመን የምትመጣ የአክስቴ ልጅ ናት ያመጣችልኝ። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፦ 36 ለውስጡ፣ 38 ለአብዛኛው፣ 40 ለፊቷ። ደርዘን አስመጪ፣ ይሰበራል። በገባበት አቅጣጫ ካልወጣ፣ ውስጥ ሆኖ ካጎበጥሽው ቀጭ ነው። ከሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርጊ፣ ቴሌቪዥን እያየሽ አትሥሪ። ጣቴን ስንቴ እንደወጋሁ አትጠይቂኝ።

ፀጉሩን ከአንገቷ ጀምረሽ ወደ አፍንጫ ነይ፣ ልክ የሣር ቤት ሲከደን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚኬደው። ጥቂት ጭረት አስተኝተሽ መሐሉን ወግተሽ እጠፊው፣ ቀጥሎ በመቀስ ከርክሚው። አፍንጫዋ አካባቢ በጣም አጭር፣ ጉንጯ ላይ ረዘም።

ከብሩሽ ላይ ሰብስበሽ ያስቀመጥሽውን የራሷን ፀጉር አትጣይው። ብቻውን ያንሸራትታል፣ አይያዝም። አንድ እጅ የሷን ከሁለት እጅ ሱፍ ጋር ደባልቀሽ ጉንጯ ላይ አድርጊው። ለሪዟ እኔ ከእናቴ ነጭ የዝንብ ጭራ ላይ የፈረስ ፀጉር ነው የነቀልኩት። አልነገርኳትም። በስፌት መርፌ አሳልፈሽ ከሥሩ ጠብታ ማጣበቂያ ንኪው፣ የመጨረሻው ሥራ እሱ ይሁን፣ አለዚያ እየወጋሽ ትሰብሪዋለሽ።

ሲያልቅ ብል እንዳይበላት መስታወት ባለው ጥልቅ ፍሬም ውስጥ አስገቢያት።

አሁን የሠራሽውንም አትጣይው፣ ቀለሙን ልጠሽ ውስጡን ጥቅጥቅ እስኪል ውጊው፣ ይድናል። የጎን ፎቶ ካላት ለጥፊልኝ፣ ጆሮዋ ከየት እንደሚነሳ አይቼ እነግርሻለሁ።