ከከተማው ጋር የገባሁት ውል ሚስጥር ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ አነስተኛ የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅት አለኝ። ከከተማው አንድ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውለን የቆዩ የቤት ይዞታ ማህደሮችን ስካን አድርገን ወደ ኮምፒውተር አስገብተናል። ሥራው አልቋል፤ የመጨረሻው ክፍያ ግን እስካሁን አልተለቀቀልንም። በዚህ መሀል አንድ ጋዜጠኛ ውላችንና የተዋዋልንበት ዋጋ እንዲሰጠው መሥሪያ ቤቱን ጠይቋል። ውሉ ላይ ደግሞ «ማንኛውም መረጃ በሚስጥር ይያዛል» የሚል አንቀጽ አለ። ሁለተኛ፣ የሌላ ቢሮ ኃላፊ የሆነ የማውቀው ሰው የሳቢያንና የገንደ ቆሬ ባለይዞታዎችን ስምና ስልክ በፍላሽ እንድሰጠው በቃል ጠይቆኛል፤ «እኛም መንግሥት ነን» ይላል። ሦስተኛ፣ የስካኑን ቅጂ ገንዘቤ እስኪከፈለኝ ይዤ ብቆይ በሕግ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሦስቱንም ጥያቄዎች የሚፈታው አንድ ነገር ነው፤ እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት የማን ነው? ውሉና ዋጋው የሕዝብ ጉዳይ ነው። ማህደሩ ውስጥ ያለው የነዋሪው ሕይወት ደግሞ የነዋሪው ነው። «ማንኛውም መረጃ» የሚለው አንቀጽ ሁለቱን ደባልቆ ስላስቀመጠ ግራ ቢጋቡ አይፈረድብዎትም። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሳይታሰብበት ከአንድ ውል ወደ ሌላው ሲገለበጥ አያለሁ፤ ጉዳቱ የሚታወቀው እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሲጨነቅ ነው።

ከጋዜጠኛው እንጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋግጣል። ዝርዝሩ ያለው በመገናኛ ብዙኃንና በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ብዙ ሰው ይህ አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሙሉ በሙሉ የተሻረ ይመስለዋል። የተሻረው ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚናገረው ክፍል ነው፤ መረጃ ስለማግኘት የሚደነግገው አሁንም ይሠራል። በእሱ መሠረት ማንኛውም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ጋዜጠኛ መሆን እንኳ አያስፈልገውም። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጠያቂው ከተከለከለ አቤቱታውን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያቀርባል፤ በመጨረሻም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የሚስጥር አንቀጹስ? ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 ይህንኑ ይላል። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ተፈራርመው ሦስተኛው ሰው በአዋጅ ያገኘውን መብት ሊያነሱት አይችሉም። ለማህደር ስካን ከከተማው ካዝና ስንት እንደወጣ ማወቅ ግብር የሚከፍለው ነዋሪ መብት ነው። በግልጽ ጨረታ አሸንፈው ከሆነ እኮ ዋጋዎ ፖስታው በተከፈተ ዕለት በተጫራቾቹ ሁሉ ፊት ተነቧል፤ አሁን ሚስጥር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ይህ ማለት ግን ያስገቡት ሰነድ ሁሉ ይበተናል ማለት አይደለም። ሕጉ ለንግድ ሚስጥር፣ እንዲሁም ቢገለጥ ድርጅትዎን በውድድር ለሚጎዳ የቴክኒክና የገንዘብ መረጃ ጥበቃ ያደርጋል። ስለዚህ የቴክኒክ ሰነድዎን ገልጠው ይዩት፤ ራሳችሁ የሠራችሁት ፕሮግራም አሠራር፣ የሠራተኞቻችሁ የሥራና የትምህርት ታሪክ ከነስልካቸው፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ? እነዚህ ተሸፍነው ቀሪው እንዲሰጥ ገጽና መስመር ጠቅሰው፣ ለእያንዳንዱ ምክንያቱን አስረድተው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አሁኑኑ ደብዳቤ ያስገቡ። «ሁሉም ሚስጥር ነው» ብለው ከጻፉ ግን እውነተኛው ሚስጥርዎም ሰሚ ያጣል። ለጋዜጠኛው በቀጥታ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም፤ የተጠየቀው መሥሪያ ቤቱ ነው።

የኃላፊው ጥያቄ ከዚህ የባሰ ያሳስበኛል። ከስካኑ አንዱን ማህደር እንኳ ከፍተው ይመልከቱ፤ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የጣት አሻራ፣ ብሔር የተጻፈበት የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ አንዳንዱ ላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ፣ ሌላው ላይ ውክልና ሲሰጥ የተያያዘ የሐኪም ማስረጃ ይኖራል። የማህደሩ ባለቤት ይህን ሁሉ ያስገባችው ካርታ ለማውጣት ነው እንጂ ማንም እየደወለ እንዲጠራት አይደለም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠ መብት ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ይከለክላል፤ ብሔርን፣ ጤናንና አሻራን የመሰለውንም በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያደርጋል።

በዚህ አዋጅ ዓይን መረጃው ለምን እንደሚውል የሚወስነው ያዋዋለዎት መሥሪያ ቤት ነው፤ እርስዎ በእሱ ትእዛዝ ብቻ የሚሠሩ ነዎት። «እኛም መንግሥት ነን» የሚለው አነጋገር አያስኬድም፤ እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱ ሥልጣንና ዓላማ አለው። ለሰውየው በአክብሮት «እኔ ሥራ ተቀባይ ነኝ፤ ጥያቄዎን ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ያቅርቡ» ይበሉት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደቀረበልዎትም ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ትውውቅና ይሉኝታ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገ የአንዲት ነዋሪ ስልክ አለቦታው ተገኝቶ ከየት ወጣ ሲባል ግን ተጠያቂው ፍላሹን የሰጠው ሰው ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱንም ለመሥሪያ ቤቱ አሳይተው የትእዛዙን ቅጂ ያስቀሩ። ድንገት ፍላሹን አስቀድመው ሰጥተው ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለመሥሪያ ቤቱ ይንገሩ፤ የግል መረጃ አፈትልኮ ሲወጣ እሱም በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት።

ወደ ገንዘብዎ ስመጣ፣ ሠርቶ ክፍያ ማጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ይገባኛል። ሆኖም ቅጂውን እንደ መያዣ አይያዙት። ዕዳው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ማህደሩ ግን ምንም ዕዳ የሌለባቸው ሰዎች ነው። በተጨማሪም ከመንግሥት ጋር የሚደረግ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3131 እስከ 3306 የራሱ ደንቦች አሉት፤ በእነሱ መሠረት መሥሪያ ቤቱ ግዴታውን ስላልፈጸመ ብቻ እርስዎም የእርስዎን ማቆም አይችሉም፤ የሚፈቀደው የእሱ ጥፋት ሥራዎን ፈጽሞ የማይቻል ሲያደርገው ነው። ቅጂውን በያዙ ቁጥር የክፍያ ከሳሽ መሆንዎ ቀርቶ ራስዎ ተከሳሽ ይሆናሉ።

ይልቅ ሁሉንም በቃለ ጉባኤ ያስረክቡ። የማህደሩና የገጹ ብዛት፣ ዲስኮቹ፣ እጃችሁ ላይ የቀረው ቅጂ መጥፋቱ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ፤ ማህተም ይመታበት። ከዚያ በፊት የሠራተኞችዎን ላፕቶፕ፣ በሥራው ጊዜ የተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ ካለ እሱንም፣ የጉግል ድራይቭ አካውንትንም ያስፈትሹ። ለማጣራት ተብሎ የተላኩ ገጾች እዚያ ተረስተው ይገኛሉ፤ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የግል መረጃ ማስቀመጥ ደግሞ በአዋጁ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ለክሱ የሚያስፈልግዎት የማህደሩ ይዘት አይደለም፤ ውሉ፣ የሥራ ትእዛዙ፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤውና የክፍያ መጠየቂያዎ ይበቁዎታል።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ይጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ይህን ዘለው የሚከሱ ሰዎች በመጀመሪያው ቀጠሮ ይደናቀፋሉ። ቀሪውን የገንዘብ መጠን፣ ሥራው የተረከበበትን ቀንና የሚሰጡትን የመክፈያ ጊዜ ለይተው ያስቀምጡ፤ ውሉ ላይ ስለ ክርክር አፈታት የተጻፈ ነገር ካለም እሱን ይጥቀሱ። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብተው ገቢ የተደረገበት ማህተምና ቀን ያለበትን ቅጂ ይያዙ፤ የሰጡት ቀን ካለፈ ያንን ቅጂ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ።